ባይ ቾንግሺና የሁዊ ሕዝብ፦ ሁዊነት ሃይማኖት ነው ወይስ ብሔር?

የደሴው መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ መድረክ ስለ ቻይና ሙስሊሞች በተነሣ ቁጥር ወሬው ወደ ኡይጉሮች ብቻ ሲያዘነብል አያለሁ። የእነርሱ ጉዳይ ከባድ መሆኑን አልስተውም። ነገር ግን ከእነርሱ ሌላ፣ በ2020 ቆጠራ ከ11.3 ሚሊዮን በላይ የሆነ፣ አፉን በቻይንኛ የፈታ፣ በአገሪቱ አራቱም ማዕዘን ተበትኖ የሚኖር ሙስሊም ሕዝብ አለ፤ ሁዊ ይባላል። ሕዝብን በደፈናው ከማውራት በአንድ ሰው በኩል ማየት ይሻላል ብዬ ስለማምን፣ ዛሬ ያነሣሁት ባይ ቾንግሺን ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ባይ በ1893 በደቡብ ቻይና፣ በጓንግሺ ክፍለ ሀገር፣ ጉዊሊን አጠገብ ከሚገኝ መንደር ከሙስሊም ቤተሰብ ተወለደ። የመጨረሻው ንጉሣዊ ሥርዓት በ1911 ሲናጋ የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበር፤ ትምህርቱን ትቶ ከተማሪ ዘማቾች ጋር ወጣ። ኋላም በባኦዲንግ የጦር አካዳሚ ተምሮ ተመረቀ፤ በ1925 ከሊ ዞንግረንና ከሁዋንግ ሻኦሆንግ ጋር ሆኖ ጓንግሺን አንድ አደረገ። ሦስቱም ያኔ ገና በሠላሳዎቹ የዕድሜ ክልል ውስጥ ነበሩ። ከ1926 እስከ 1928 በዘለቀው የሰሜን ዘመቻ ከኩኦሚንታንግ፣ ከቻይና ብሔርተኛ ፓርቲ፣ ዋና ዋና አዛዦች አንዱ ሆኖ ከደቡብ ጫፍ ተነሥቶ ቤይጂንግ ደረሰ። ጃፓን በ1937 ስትወር የጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ምክትል ነበር፤ በ1938 በታይአርጁዋንግ ጃፓኖች በተሸነፉበት ውጊያ ዕቅድ ውስጥ እጁ አለበት። በ1946 የቻይና ሪፐብሊክ የመጀመሪያው የአገር መከላከያ ሚኒስትር ሆነ። በብልሃቱ ምክንያት፣ በጥንቱ የሦስቱ መንግሥታት ዘመን በኖረው የጦር መካሪ በጁጌ ሊያንግ ስም «ትንሹ ጁጌ» ይሉት ነበር።

ወታደራዊ ታሪኩ ብዙ ተጽፎበታል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ይህ ሰው በቻይና ከነበሩት ሙስሊም ባለሥልጣናት ሁሉ ከፍተኛውን ማዕረግ ይዞ ሳለ፣ ሁዊ የሚባል ብሔር የለም፣ ያለው እስልምናን የሚከተል ቻይናዊ ነው የሚለውን የመንግሥቱን አቋም ደግፎ ቆመ። በሰሜን ምዕራቡ ምሽጋቸው በየንአን የነበሩት ኮሚኒስቶች ደግሞ በዚያው ዘመን ሁዊ ራሱን የቻለ ብሔር ነው ብለው ደመደሙ። ሁለቱም ስለ አንድ ሕዝብ ነው የሚናገሩት። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የትኛው ልክ ነበር? ወይስ ሁለቱም የተናገሩት ለመንግሥት የሚበጀውን እንጂ ሁዊው ራሱ የሚኖረውን አልነበረም?

ወለላ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይገለጽልኝ። እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ? ዐረቦች ናቸው ቻይናዊ የሆኑት፣ ወይስ ቻይናውያን ናቸው የሰለሙት? መልሱ ይህን ካልነካ ስለ ብሔር ብንከራከር መሠረት የሌለው ግድግዳ ማቆም ይሆናል።

የደሴው መምህር፦

እኅቴ ወለላ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። መልሱ «ሁለቱም» ነው፤ ግን እንዴት እንደተቀላቀሉ ማየት ያስፈልጋል።

የቻይና የታንግ ዘመን መዝገቦች በ651 ከሙስሊሞቹ መሪ የተላከ መልእክተኛ ቤተ መንግሥት መድረሱን ይናገራሉ፤ ጊዜው የኸሊፋው ዑስማን ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የዐረብና የፋርስ ነጋዴዎች በባሕር ወደ ጓንዡና ወደ ቹዋንጆ፣ በየብስ ደግሞ በሐር መንገድ ወደ ዋና ከተማው ይመላለሱ ነበር። እነዚህ ግን በየወደቡ በራሳቸው ሰፈር የሚኖሩ እንግዶች እንጂ የአገሩ ሰው አልነበሩም።

ነገሩ የተለወጠው በሞንጎሎች ጊዜ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሞንጎሎች መካከለኛውን እስያ ሲያወድሙ ወታደሩን፣ አንጥረኛውን፣ ሐኪሙን፣ ሒሳብ አዋቂውን በገፍ ወደ ምሥራቅ አጋዙት፤ በቻይና ላይም ሹም አደረጉት። ከሁሉ የሚታወቀው የቡኻራው ሰይድ አጃል ሸምሰዲን ዑመር ነው። ከ1274 እስከ ሞተበት እስከ 1279 ዩናንን አስተዳደረ፤ ውኃ ገደበ፣ ቦይ አስቆፈረ፤ መስጊድ ብቻ ሳይሆን የኮንፊሽየስ ቤተ መቅደስም አሠራ። የባይ ቤተሰብ የዘር ሐረግ የሚጀምረውም በዚሁ በሞንጎሎች ዘመን ነው። ቤተሰቡ የሚቆጥረው ከምዕራብ ከመጣ፣ ቻይናውያን ቦ ዱሉዲንግ ብለው ከሚጽፉት፣ የመንግሥቱን ከፍተኛ የሹመት ፈተና አልፎ ባለሥልጣን ከሆነ ሙስሊም ነው። «ቦ» የነበረው ኋላ «ባይ» ሆነ።

ለምን ሆነ? ሞንጎሎችን የተካው የሚንግ መንግሥት የባዕድ ልብስ፣ የባዕድ ቋንቋና የባዕድ ስም ስለከለከለ፣ እንግዶቹም እርስ በርስ ብቻ እንዳይጋቡ ስላዘዘ ነው። ሙሐመድ «ማ» ሆነ፣ ናስሩዲን የነበረው «ና» ወይም «ዲንግ» ሆነ። ባሎች የቻይና ሴቶችን አገቡ፤ ሴቶቹ ሰለሙ፤ ልጆቹ በእናታቸው ቋንቋ አደጉ። በሦስትና በአራት ትውልድ ውስጥ ፋርስኛው ከአፍ ጠፋ፤ ከጸሎትና ከመስጊድ ጋር የተያያዙ ቃላት ብቻ ቀሩ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰላትን «ናማዚ» ይላሉ፣ የመስጊዱን መምህር «አሆንግ» ይላሉ፤ ሁለቱም ከፋርስኛ የመጡ ናቸው። የቻይና ፊደል ያልተማሩ ደረሶች ቻይንኛውን በዐረብ ፊደል የሚጽፉበት ሥርዓትም ነበራቸው። ይህን ስሰማ ወዲያው ትዝ ያለኝ የእኛው የወሎ ዐጀም ነው፤ መንዙማው አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ።

ስለዚህ የሁዊ ደም ከብዙ ወንዝ የተቀዳ ነው። ከዐረብ፣ ከፋርስና ከቱርክ የመጣው አባት አለ፤ ከሃን፣ ማለትም ከብዙኃኑ ቻይናዊ፣ የተወለደችው እናት ደግሞ ከእርሱ ትበዛለች። የሰለመ ሃን፣ በረሃብ ዘመን ለሙስሊም ቤተሰብ በጉዲፈቻ የተሰጠ ሕፃንም በውስጡ አለ።

ነጋዴው ከጓንዡ፦

ሰላም ወገኖች። እኔ በጓንዡ ለዓመታት በንግድ ኖሬአለሁ፤ መጻሕፍት ከምታነብቡት ከእናንተ ጋር ባልወዳደርም ዓይኔ ያየውን ልጨምር።

ጓንዡ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትጨነቁት በምግብ ነው። የአሳማ ሥጋ የማይገባበት ድስት ማግኘት ብርቅ ነው፤ አትክልቱም በስቡ ይጠበሳል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አሳማ አልበላም። አገር ያወቁ የእኛ ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት የነገሩኝ ነገር ቢኖር «አረንጓዴ ሰሌዳ ፈልግ» የሚል ነው። በአረንጓዴው ላይ በቻይንኛ «ቺንግጄን» የሚል ይጻፍበታል፤ ንጹሕና እውነተኛ ማለት ነው፤ እኛ ሐላል የምንለው። አጠገቡም በዐረብኛ ይጻፋል። እነዚህ የሁዊ ምግብ ቤቶች ናቸው። አብዛኞቹ የላንጆ ስም ይለጥፉ እንጂ ባለቤቶቹ በብዛት ከቺንግሃይ ክፍለ ሀገር ከሁዋሎንግ ወረዳ የመጡ ናቸው።

ሻኦቤይ በሚባለው፣ አፍሪካውያን ነጋዴዎች በሚበዙበት ሰፈር የማዘወትረው አንድ ቤት አለ። ነጭ ቆብ ያደረገ ጎልማሳ በሩ ላይ ቆሞ ሊጡን ይስባል፤ አጥፎ ይስባል፣ እንደገና አጥፎ ይስባል፣ በየጊዜው ይደግመዋል፤ በደቂቃ ውስጥ አንዱ ሊጥ እንደ ሹሩባ የተሰነጠቀ ክር ይሆናል። ጥርት ባለ የበሬ ሾርባ ውስጥ ይጥለውና ነጭ ራዲሽ፣ ድንብላልና ቀይ የበርበሬ ዘይት ያደርግበታል። እኔ ሥጋውን ስለማልበላ በቲማቲምና በእንቁላል የተጠበሰውን ነው የማዝዘው። ባለቤቱ ምክንያቱን ጠይቆኝ፣ በአገሬ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለየብቻው እንደሚያርድና አንዱ የሌላውን እንደማይበላ በተሰባበረ ቻይንኛ ብነግረው ቅር አላለውም። «ልክ ነው፣ ሰው የሚበላውን መጠንቀቅ አለበት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የእኔን የሚጠብሰው በተለየ መጥበሻ ነው።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። በዚሁ ከተማ የሁዋይሸንግ መስጊድ አለ፤ ከቻይና ጥንታውያን መስጊዶች አንዱ ነው። ወደ ሠላሳ ስድስት ሜትር የሚደርስ ለስላሳ ክብ ሚናራ አለው። በከተማው ውስጥ ደግሞ የነቢዩ ባልደረባ የሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ መቃብር ነው የሚባል ስፍራ አለ፤ በጁምዓ ሰው ይጎርፍበታል። ሁዊዎቹ ሲያወሩ፣ ሰዕድ ወደ ቻይና የመጣው ከሐበሻ ምድር በመርከብ ተሳፍሮ ነው የሚል ትውፊት አለ። ከየት ነህ ተብዬ ከሐበሻ ስላቸው ሽማግሌዎቹ እጄን የማይለቁት በዚህ ምክንያት ነው።

የደሴው መምህር፦

ወንድሜ፣ የመቃብሩን ነገር ስላነሣህ አመሰግናለሁ። የታሪክ ሰዎች ትውፊቱን አይቀበሉትም፤ ሰዕድ የሞተው መዲና አካባቢ መሆኑ በእስልምና ምንጮች የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ትውፊቱ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። ሁዊዎች የእምነታቸውን መነሻ በመሰደድና በእንግድነት ታሪክ ውስጥ፣ ያውም ነጃሺ ስደተኞችን ከተቀበለበት አገር ጋር አያይዘው ማስታወስ መርጠዋል።

ሕግ ተማሪ፦

ወደ መምህር ጥያቄ ልመለስ። በእኔ እምነት ክርክሩ የተበላሸው «ብሔር» የሚለው ቃል ከተዋሰው ትርጉም ነው።

ስታሊን በ1913 በጻፈው ትርጉም አንድ ሕዝብ ብሔር የሚባለው የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ መሬት፣ የጋራ የኢኮኖሚ ሕይወትና የጋራ ሥነ ልቦና ሲኖረው ነው። የቻይና ኮሚኒስቶች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሕዝቦችን ሲለዩ መነሻቸው ይህ ነበር። የእኛም ተማሪዎች በ1960ዎቹ የብሔሮችን ጥያቄ ያነሡት ከዚሁ ምንጭ ጠጥተው ነው፤ የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ያነበበ ሰው የጋራ ቋንቋው፣ የሥነ ልቦና አንድነቱና የተያያዘው መልክዓ ምድር ከየት እንደመጡ አይጠፋውም።

እንግዲህ ሁዊን በዚህ ሚዛን እናስቀምጠው። ቋንቋው የጎረቤቱ የሃን ቋንቋ ነው፤ የቤይጂንጉ ሁዊ እንደ ቤይጂንግ ሰው፣ የዩናኑ እንደ ዩናን ሰው ይናገራል። መሬትም የለውም። በ1958 በስሙ የተቋቋመው የኒንግሺያ ራስ ገዝ ክልል አለ፤ በዚያም ቢሆን ሁዊዎች ከነዋሪው ሲሶ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ከጠቅላላው ሁዊ የሚበዛው ከኒንግሺያ ውጭ ነው። ከአራቱ መስፈርቶች ቢያንስ ሁለቱን አያሟላም፤ ሆኖም ያለ ብዙ ክርክር ብሔር ተብሎ ታወቀ።

ከዚህ የባሰ የሚገርመው የሃይናን ደሴት ነገር ነው። በዚያ በዛሬዋ ቬትናም ከነበረችው ከጥንቷ ቻምፓ የመጡ፣ ከማላይ ጋር የሚዛመድ ቋንቋ የሚናገሩ ሙስሊሞች አሉ። ቋንቋቸው ከሌሎቹ ሁዊዎች ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ በመንግሥት መዝገብ ግን ሁዊ ናቸው። በላሳ የሚኖሩ፣ ቲቤትኛ የሚናገሩ ሙስሊሞችም እንዲሁ ሁዊ ተብለው ተመዘገቡ። ቋንቋ ከወጣ፣ መሬት ከወጣ፣ የሚቀረው እስልምና ነው። እንግዲህ ባይ ቾንግሺ ልክ ነበር ማለት ነው።

ዘይነብ፦

ወንድሜ ሕግ ተማሪ፣ አካሄድህ ንጹሕ ነው፤ መደምደሚያህ ግን ፈጠነብኝ። በቻይና እስልምናን የሚከተሉ ተብለው የታወቁ ዐሥር ብሔሮች አሉ። ካዛኩም ሙስሊም ነው፣ ሳላሩም ሙስሊም ነው፣ ዶንግሺያንጉም ሙስሊም ነው፤ አንዳቸውም ሁዊ አይደሉም። እስልምና ብቻውን ሁዊ አያደርግም።

ስለ ባይም መጠንቀቅ አለብን። መምህር የጻፉት ቆንጆ ነው፤ የጎደለው ግን ትንሽ አይደለም። በሚያዝያ 1927 ሻንግሃይ ውስጥ ሠራተኞችና ኮሚኒስቶች ሲጨፈጨፉ የከተማው ጦር አዛዥ ይኸው ሰው ነበር። የዚያን ቀን ደም ከትከሻው ላይ ማንም ሊያራግፍለት አይችልም። በተጨማሪም የሁዊን ስም ከብሔር ወደ ሃይማኖት ዝቅ ማድረግ ምን ትርጉም እንደነበረው ማየት ይገባል። የምክር ቤት ወንበርና የትምህርት በጀት ለብሔር ይሰጣል፤ ለአማኝ አይሰጥም። በሰሜን ምዕራብ ያሉ ድሆች ሁዊዎች፣ ገና በአያቶቻቸው ዘመን በዩናን ከ1856 እስከ 1873፣ በጋንሱና በሻንሺ ደግሞ ከ1862 ጀምሮ በተነሡት አመፆች አገር አልባ ሆነው የተረፉ፣ «እናንተ ሙስሊም የሆናችሁ ሃን ናችሁ» ሲባሉ ምን ተሰምቷቸው ይሆን? ከእልቂቱ ሸሽተው የሩስያን ድንበር የተሻገሩት ዛሬም በኪርጊስታንና በካዛኪስታን ዱንጋን እየተባሉ ይኖራሉ። በሃይማኖቱ ብቻ አገሩን የለቀቀ ሰው ብሔር የለህም ቢባል ይቀበላል?

የደሴው መምህር፦

እቴ ዘይነብ፣ ስለ ሻንግሃይ የጻፍሽው እውነት ነው፤ እኔም ልሸፍነው አልፈለግሁም። ዘሎ ማለፌ ጥፋቴ ነው። በ1947 ታይዋን ውስጥ በየካቲት 28 የተቀሰቀሰው አመፅ በጦር ከተደፈጠጠ በኋላ የመንግሥቱ መሪ ቺያንግ ካይሼክ ጉዳዩን እንዲያጣራ የላከው ባይን መሆኑም መነሣት አለበት። ደሴቲቱ ላይ የደረሰው መጋቢት 17 ቀን ነው፤ ያለ ፍርድ መግደል እንዲቆም አዘዘ፣ አስተዳዳሪውም ተነሣ። ሕይወታቸው የተረፈላቸው ሰዎች በዚህ ያስታውሱታል፤ ቀድሞ ለተገደሉት ሺዎች ግን ዘግይቶ ነበር። የአንድ ሰው እጅ በአንድ ከተማ ሲገድል በሌላው ሲያድን ማየት ይከብዳል፤ ሁለቱንም ማስፈር ግን ግድ ነው።

አሁን ወደ ብሔሩ ነገር። ባይን ለመረዳት 1938ን ማየት ያስፈልጋል። ጃፓኖች ሰሜን ቻይናን እንደያዙ ቤይጂንግ ውስጥ የመላው ቻይና ሙስሊሞች ማኅበር ብለው አቋቋሙ። ለሁዊዎች የሚሉት ግልጽ ነበር፦ ሃን ጨቁኖአችኋል፣ እኛ የራሳችሁን መንግሥት እናቆምላችኋለን። በማንቹሪያ አንድ ጊዜ አድርገውታልና ዛቻው ባዶ አልነበረም። በቺንግሃይ፣ በኒንግሺያና በምዕራብ ጋንሱ ሥልጣኑ በማ ቤተሰብ ጄኔራሎች፣ በእነ ማ ቡፋንግና ማ ሆንግኩዊ እጅ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሁዊ ናቸው፤ ፈረሰኛ ጦር አላቸው፤ ወደ ሶቪየት ኅብረት የሚወስደው የእርዳታ መንገድም የሚያልፈው በአገራቸው ነው። እነርሱ ቢከዱ ቻይና ከኋላዋ ትከፈታለች።

ባይ በዚያው ዓመት የሁዊዎችን የአገር አድን ማኅበር ሊቀ መንበርነት ያዘ። ማኅበሩ በየክፍለ ሀገሩ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ በየመስጊዱ አሆንጎች አገርን መውደድ የእምነት ግዴታ መሆኑን እንዲሰብኩ አደረገ። የጃፓንን ወሬ ለማክሸፍም በእነዚያ ዓመታት የሁዊ ልዑካን ወደ ግብፅ፣ ወደ ቱርክና ወደ ኢራን ሄዱ። ባይ በገዛ አገሩ በጓንግሺም ከሰሜን የተፈናቀለውን የሙስሊም መምህራን ማሠልጠኛ ጉዊሊን ላይ አስጠለለ። ብሔር አይደለንም የሚለው ቃል የተነገረው በዚህ እሳት መካከል ነው። ብሔር ነን ማለት በዚያ ጊዜ ጃፓን ለዘረጋችው ወጥመድ እግር መስጠት መስሎ ታየው።

የየንአኖቹም ቢሆኑ ከጥቅም የጸዱ አልነበሩም። በ1935 እና 1936 በረጅሙ ጉዟቸው መጨረሻ የሁዊ አገር ውስጥ ገብተው የሚበሉትን፣ የሚያርፉበትን የሚሰጣቸው ይኸው ሕዝብ ነበር። ለወታደሮቻቸው ወደ መስጊድ እንዳይገቡ፣ በሁዊ ቤት የአሳማ ሥጋ እንዳያነሡ ትእዛዝ ሰጡ። በ1940 የንአን ላይ መስጊድ አሠሩ፤ በ1941 ሁዊ ብሔር ነው የሚለውን ጥናታቸውን አሳተሙ። ከማ ጄኔራሎች ሥር ያለውን ድሃ ሁዊ ለመሳብ ብሔር ነህ ማለት ያስፈልግ ነበር።

እኔ የማምነውን ልናገር። ሕግ ተማሪ መስፈርቱ አይሞላም ይላል፣ ዘይነብ እስልምና ብቻውን አይበቃም ትላለች፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሁዊን ሁዊ አድርጎ ያቆየው በማዕድ፣ በጋብቻና በመቃብር ከጎረቤቱ መለየቱ ነው። ከጎረቤቱ ጋር ይነግዳል፣ በቋንቋው ይስቃል፤ ከድስቱ ግን አይበላም፣ ሴት ልጁን ካልሰለመ አይድርለትም፣ ሲሞትም በሣጥን ሳይሆን በነጭ ከፈን ተጠቅልሎ በራሱ መካነ መቃብር ይገባል። ይህ ሃይማኖት ነው? አዎን። ነገር ግን ስድስት መቶ ዓመት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ዘር ሆኗል። ወሎ ያደገ ሰው በአንድ ቋንቋና በአንድ ገበያ እየኖሩ በማዕድ መለየት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የእኛ ልዩነት፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱ እምነት ስለሚገኝ፣ ድንበሩ ብሔር እስከ መሆን አለመድረሱ ነው።

ወለላ፦

ይህ ጥሩ መልስ ነው። ጥያቄ ልጨምር፦ ከባይ በኋላ በኮሚኒስቱ ወገን እንደ እርሱ ከፍ ያለ ሁዊ ተነሥቶ ያውቃል?

ሕግ ተማሪ፦

ተነሥቷል፤ ሁዊ ሊያንግዩ። በ1944 በሰሜን ምሥራቅ በጂሊን ክፍለ ሀገር ተወለደ፤ አንሁዊንና ጂያንግሱን በፓርቲ ዋና ጸሐፊነት መርቷል፤ ከ2002 እስከ 2012 የፖሊት ቢሮ አባል፣ ከ2003 እስከ 2013 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። ሥራው እርሻና የአደጋ መከላከል ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የቻይናን ገበሬ ያስለቀሰው የእርሻ ግብር በ2006 የተሰረዘው እርሱ ግብርናውን በያዘበት ዘመን ነው። የአያት ስሙ «ሁዊ» የሚጻፈው የሕዝቡ ስም በሚጻፍበት በዚያው ፊደል ነው፤ ስሙም ብሔሩም አንድ ምልክት ማለት ነው። ነገር ግን ባይ እንዳደረገው ስለ ሁዊ በአደባባይ የቆመለት ክርክር የለም። የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሃይማኖት እንዲኖረው አይፈቀድለትም። በአማኝነቱ የተለየው ሕዝብ ትልቁ ሹም ማመኑን መናገር አይችልም፤ ነገሩን ሳስበው ያሳዝነኛል።

ዘይነብ፦

ያሳዝናል ብቻ አይደለም፣ ያስፈራልም። ብሔር ተብሎ መታወቅ ሁዊን ከአደጋ አልጠበቀውም። በ1975 በባህል አብዮቱ ጊዜ የተዘጉ መስጊዶች ይከፈቱልን ያሉ የዩናን የሻድያን ነዋሪዎች ላይ ጦር ዘምቶ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ተገድሏል። ሻድያን ቁርኣንን ወደ ቻይንኛ የተረጎመው የካይሮው የአዝሃር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማ ጂያን የትውልድ ስፍራ ነው። ኋላ መንግሥት በደሉን አምኖ ከተማዋን መልሶ ሠራ፤ በቅርብ ዓመታት ግን የዚያው የሻድያን ታላቅ መስጊድ ጉልላት ተነሥቶ በቻይና ጣሪያ ተተክቷል። በ2018 በኒንግሺያ የዌይጆ ነዋሪዎች መስጊዳቸው እንዳይፈርስ ደጁ ላይ ተቀምጠው ነበር። በግንቦት 2023 በዩናን ናጉ መንደር ሕዝቡ ከፖሊስ ጋር ተጋፍጧል።

ጥንታውያኑ የሁዊ መስጊዶች፣ ለምሳሌ የሺአኑ፣ በቻይና ጣሪያና አጥር የተሠሩት አሠሪዎቹ ወደውት፣ በገዛ እጃቸው ነበር። ዛሬ በግዴታ ጉልላት ማንሣት ከዚያ ጋር አንድ ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ባይ «እኛ ቻይናውያን ነን» ሲል ማንም ጉልላቱን አፍርስ አላለውም፤ ታይዋን ከተሰደደ በኋላም በ1960 ታይፔይ ላይ የተመረቀው ታላቅ መስጊድ ዐረባዊ ጉልላት አለው። እርሱም በዚያው ከተማ በሙስሊሞች መካነ መቃብር ነው ያረፈው።

ነጋዴው ከጓንዡ፦

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ትናንት ማታ ወደዚያው ምግብ ቤት ሄጄ ጥያቄያችሁን ለባለቤቱ አቀረብሁለት። ባይ ቾንግሺን ያውቀዋል፤ «ጃፓንን የመታው የእኛ ሰው» አለኝ፤ ከዚያ በላይ አልሄደም። ሁዊነት ሃይማኖት ነው ወይስ ብሔር ብዬ ስጠይቀው እጁን ከሊጡ አራግፎ ወደ ጓዳ ገባና ሦስት መታወቂያ ይዞ መጣ። የቻይና መታወቂያ ላይ ከስምና ከጾታ ቀጥሎ ብሔር የሚል መስመር አለ፤ የእኛ የቀበሌ መታወቂያ ላይ እንደነበረው ማለት ነው።

የመጀመሪያው የራሱ ነው፤ ሁዊ ይላል። ሁለተኛው ሼንዠን ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራ የነበረው የልጁ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት አሮጌ ካርድ። «ይህ ልጅ መስጊድ ከረገጠ ስንት ዓመቱ» አለኝ፤ እርሱም ሁዊ ይላል። ሦስተኛው ሳህን የሚያጥበው ሰውዬ ነው፤ ከሁናን የመጣ፣ ከሰለመ ዐሥራ አንድ ዓመት የሆነው፣ የንጋቱን የሱብሒ ሰላት በጀምዓ መስገድ የማያስታጉል። ባለቤቱ ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገና አነበበልኝ። ሃን ይላል።

ሦስቱን ካርዶች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጥቂት አያቸው። ከዚያ ሳህን አጣቢውን ጠርቶ ካርዱን መለሰለት፤ የዒሻ ሰዓት ደርሶ ስለነበር አብረው ሊሰግዱ ወደ ጓዳው ገቡ።